ለእንግዶቹ ያነበብሁት ምስጋና

ናፍታሊን ሲሸተኝ ደሜ ይፈላል። ሌላው ሰው የድሮ ሽታ ሲሸተው ሆዱ ይባባል፤ እኔ እናደዳለሁ። ባለፈው ሳምንት ወልድያ ገበያ ለልጅ ልጄ ሹራብ ሳማርጥ፣ የልባሽ ጨርቅ ሻጩ አዲስ ቦንዳ ፈትቶ ሲዘረግፈው ያ ሽታ አፍንጫዬን ሰነፈጠኝ። የያዝሁትን ሹራብ ጥዬለት ሄድሁ። ልጁ ደንግጦ፣ «እትዬ፣ ዋጋው ይስተካከላል እኮ!» እያለ ተከተለኝ። እሱ ምን አጠፋ? የሚሸጠው ሹራብ ነው። እኔ ግን እግሬ እስኪደክም ሄጄ፣ አንድ የተዘጋ ሱቅ ደፍ ላይ ተቀምጬ ንዴቴ እስኪበርድ ጠበቅሁ። ይኸው እስካሁን አልበረደም፤ ለዚህ ነው ዛሬ የማወራልሽ።

በደርግ ጊዜ ነው። አባቴ በክፉው ቀን እህል ፍለጋ ወደ ቆላ ወርዶ በዚያው ቀረ። እናቴ የሰው ጥጥ እየፈተለች፣ የሰው ገብስ እያጨደች እኔን ብቻ ይዛ ተረፈች። አገራችን ከላሊበላ በላይ ነው፤ አሸተን ማርያምን አልፎ፣ ዳገቱን ጨርሶ፣ ደጋው ላይ። እዚያ ትምህርት ቢኖርም ከስድስተኛ ክፍል አያልፍም ነበር። ከባሕር ማዶ ያለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን አባት የሌላቸውን የገጠር ልጆች ሰብስባ ላሊበላ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ማስተማር ስትጀምር እኔም ከተመረጡት አንዷ ሆንሁ። እናቴ የዚያን ዕለት በየጎረቤቱ እየዞረች፣ «ልጄ ልትማርልኝ ነው» ስትል ዋለች።

መኝታችን ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር የተሠራ ረጅም የቆርቆሮ ቤት ነበር። ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይበርዳል፣ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ አጠገብሽ ያለው ሰው የሚያወራው አይሰማሽም። ዱቄት፣ ሳሙናና ደብተር ይሰጡናል። አልፎ አልፎ ልብስ በቦንዳ ይመጣል፤ ተከፍቶ ሲዘረገፍ ቤቱ ሁሉ ናፍታሊን ናፍታሊን ይላል። ብናጥበው፣ ብናሰጣው ሽታው አይለቅም። የከተማው ተማሪዎች ስናልፍ አፍንጫቸውን እየያዙ «ናፍታሊኖች መጡ» ይሉን ነበር። እነሱም ቢሆኑ ከእኛ የተሻለ ልብስ አልነበራቸውም፤ ቀንተውብንም ይሆናል።

የበላሁትን አልክድም፤ ይህን አስቀድሜ ልንገርሽ። ነርስ ሆኜ ዕድሜዬን ሙሉ በሽተኛ ያስታመምሁት በዚያ ዱቄት ነው። ቁጣዬ በዱቄቱ አይደለም። ዱቄቱ ምስጋና ይፈልግ ስለነበር፣ ያንን ምስጋና ለማሰማት ሲባል የሆነው ነገር ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ።

ሰኔ ግም ሲል «እንግዶቹ ሊጎበኟችሁ ይመጣሉ» ተባለ። የሚያስተምሩን ሰዎች ራሳቸው! ትምህርቱ ቀረና የእንግዳ ሥራ ሆነ። ከበሩ እስከ ሰንደቅ ዓላማው ድረስ በመንገዱ ግራና ቀኝ ድንጋይ ደርድረን ኖራ ቀባን። ግቢው ውስጥ ያለውን የበግ በጠጥ በእጃችን ለቀምን። ከዚያ ርእሰ መምህሩ፣ እንግዶቹ የላኩት ልብስ በልጆቹ ላይ መታየት አለበት ብሎ፣ በዚያ ወበቅ ሹራብና ካፖርት እንድንለብስ አዘዘ። አንዱ ልጅ ትልልቅ ወርቃማ ቁልፍ ያለው የሴት ካፖርት ደረሰው። ቁልፉን ለመሸፈን ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ሲቆም፣ ርእሰ መምህሩ «እጅህን አውርድ፣ ልብሱ ይታይ» እያለ ይገሥጸዋል። ያኔ ስቀናል።

ርእሰ መምህሩ የእኛው የላስታ ሰው ነው። ይህን ልብ በይልኝ፤ ከሌላ አገር የመጣ ቢሆን ባለማወቅ ነው ብዬ በተውሁት ነበር። ቀጭን፣ ሁልጊዜ ካኪ ለባሽ፣ ሲናገር ድምፁን ከፍ የማያደርግ፣ ለቄስ ዝቅ ብሎ እጅ የሚነሣ ሰው ነበር። ያኔ አንቱ እለው ነበር። ዛሬ አንቱ ልበለው ብል አፌ አይታዘዝልኝም።

የምስጋናውን ንግግር እሱ ጻፈው፤ የወረዳው ካድሬ አረመው። ካድሬው «ቤተ ክርስቲያን» የሚለውን ሁሉ እየሰረዘ «ወዳጅ ሕዝቦች» አደረገው። እሱ ሲወጣ ርእሰ መምህሩ እንግዶቹ ቅር እንዳይላቸው ከላይ «ምእመናን» የሚል ጨመረበት። እኔ «ወዳጅ ሕዝቦች ምእመናን ሆይ» እያልሁ እንዳነብ ታዘዝሁ። ለምን እኔ ተመረጥሁ? ድምፄ ጎላ ያለ ነው። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው፤ አብዛኞቹ እናትም አባትም የላቸውም፣ የእኔ እናት በሕይወት አለች። በንግግሩ መጨረሻ ላይ «እናቴም በሩቅ ሆና እጆቿን ዘርግታ ታመሰግናችኋለች» የሚል ነበረበት። ይህን ስል እጄን ወደ ላይ እንድዘረጋ ያለማምደኛል። «ከፍ አድርጊው፤ ከልብሽ ይሁን» ይለኛል።

እንግዶቹ የሚመጡበት ቀን ረቡዕ ዋለ። የዚያን ዕለት ጠዋት እኛ ገና ፊታችንን ስንታጠብ አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ ከበሩ ደረሱ። ይህን ኋላ የነገረኝ ዘበኛው ነው። ሌሊት ተነሥተው ዳገቱን በጨለማ ወርደው ነው የመጡት፤ ከደብራችን መሪጌታ የተዋሱትን በቅሎ እየሳቡ። ዘበኛው «ምነው በደኅና ነው?» ሲላቸው፣ «እናቷ ትንሽ አሟታልና ልጂቱን ልውሰዳት ብዬ ነው» አሉት። ዘበኛው የገባው ሰው ነበር። ዱላውን ጥሎ ሮጦ ርእሰ መምህሩን ጠራው።

ለርእሰ መምህሩ ግን አጎቴ አልሸፋፈኑም። «ጌታዬ፣ ተስቦ ነው የያዛት። ዓይኗ ፈዟል፣ ሰው አትለይም። ልጄን አምጡልኝ ትላለች። አሁን ብንነሣ ቀትር ሳይሆን እንደርስላታለን» አሉት። ሁሉንም ሰማ። ከዚያ በዚያ በለሰለሰ አፉ፣ «እንግዶቹ አሁን ይደርሳሉ። ንግግር የምታነበው እሷ ናት፤ እንደጨረሰች ይወስዷታል» አላቸው። አጎቴ ከበሩ ባይነቃነቁ፣ «ደግሞስ አባቴ፣ እንዲህ ያለ ነገር በጠዋት፣ በባዶ ሆዷ፣ ለልጅ ይነገራል? ትደነግጣለች እኮ። ረጋ ተብሎ ነው እንጂ። አንቱ ይህን ያጡታል?» አላቸው።

አየሽ! በእኛ አገር ክፉ ነገር በድንገት አይነገርም። መርዶ ሲሆን ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይመረጣል፣ ባለቤቱ እህል ቀምሶ እንዲሰማ ይደረጋል። ሰው ብቻውን እንዳይወድቅ፣ ሲወድቅ የሚደግፈው ክንድ እንዲኖር ነው። ደግ ልማድ ነው፤ እኔም ሆስፒታል ስሠራ ስንቱን በዚህ ልማድ ደግፌያለሁ። ያ ሰው ግን ይህን ደግ ነገር ለራሱ መጋረጃ አደረገው። እናቴ በሕይወት አለች፣ ትጠራኛለች፤ እሱ ገና ሳትሞት መርዶ አደረጋት።

አጎቴ «እሺ ጌታዬ» አሉ። በቅሎዋን ከበሩ ውጭ ወይራው ላይ አስረው ሥሩ ተቀመጡ።

እንግዶቹ አልደረሱም። ማታውን ፍላቂት ከተማ ያሉትን ተማሪዎች ሲጎበኙ አድረው፣ ጠዋት ቻይናዎች ከሠሩት ዋና መንገድ ወደ ላሊበላ ሲታጠፉ መኪናቸውን ጭቃ ያዘው። እኛ በሹራባችን ፀሐይ ላይ ተሰልፈናል። ላብ ከናፍታሊን ጋር ተቀላቅሎ ራስ ያዞራል። አንዲት ልጅ ወደቀችና ጥላ ሥር አጋደሟት። ርእሰ መምህሩ በበሩና በሰልፉ መካከል ይመላለሳል። በበሩ በኩል በሄደ ቁጥር አጎቴን ያያቸዋል። በሰልፉ በኩል በመጣ ቁጥር እኔን ያየኛል። ያን ሁሉ ሰዓት! አንድ ቃል ቢናገር እኮ በበቅሎ ዳገቱን አጋምሼው ነበር። ንግግሩን ለሌላ ልጅ ቢሰጥ ማን ያውቅበታል? ፈረንጆቹ ናቸው ማን እንደተለማመደ የሚያውቁት?

ቀትር ካለፈ በኋላ አንዲት በጭቃ የተለቀለቀች ላንድሮቨር መጣች። ሁለት ፈረንጆች፣ ወንድና ሴት፣ ወረዱ። ወንዱ ቄስ ነው አሉን፤ ጢም የለው፣ መስቀል አልያዘ፣ ምኑን ልንሳለም እንደምንችል ግራ ገባን። ከአዲስ አበባ የመጣ አስተርጓሚ አብሯቸው ነበር። በካድሬው ትእዛዝ ግራ እጃችንን ጨብጠን አብዮታዊ መዝሙር ዘመርን። በርእሰ መምህሩ ትእዛዝ ደግሞ እጃችንን ፈትተን መንፈሳዊ መዝሙር ዘመርን። ፈረንጆቹ ለሁለቱም እኩል አጨበጨቡ።

ከዚያ እኔ ወጣሁ። ወረቀቱን ይዤ ቀና ስል ከበሩ ማዶ አጎቴን አየኋቸው። ደስታዬን አትጠይቂኝ! ስንቅ ይዘው የመጡ፣ ደርሰውም ንግግሬን ሊሰሙ የቆሙ መሰለኝ። አገር ቤት ሲመለሱ ለእናቴ ይነግሩልኛል ብዬ፣ ድምፄ እሳቸው ጋ እንዲደርስ ጮክ ብዬ አነበብሁ። «እናቴም በሩቅ ሆና» ስል እጄን ከተለማመድሁት በላይ ከፍ አድርጌ ዘረጋሁ። አጎቴ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት። በእኔ ኮርተው ያለቀሱ መሰለኝ።

ያንን መስመር ሊያወጣው ይችል ነበር። ጠዋት ሰምቷል እኮ! እስኪሪብቶው ኪሱ ውስጥ ነው። «ይህቺን ዝለያት» ቢለኝ ምን ይጎድልበት ነበር? ስንት ጊዜ እንዳሰብሁት አትጠይቂኝ። ሰዎች ረስቶት ይሆናል ይሉኛል። አልረሳም። እጄን ስዘረጋ ከጎን ሆኖ ራሱን ይነቀንቅልኝ ነበር፣ እንደዚያ ነው፣ ጎሽ፣ እያለ።

ፈረንጅቱ ዕንባዋ መጣ። ወደ እኔ መጥታ አቀፈችኝ። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ዓይኗ ሰማያዊ፣ ቆዳዋ በፀሐይ የተላጠ አሮጊት ቢጤ ናት። በአስተርጓሚው በኩል «እናትሽ ምን ትሠራለች?» አለችኝ።

«ትፈትላለች» አልኋት። «ደኅና ናት?» አለችኝ። «ደኅና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልሁ። ርእሰ መምህሩ አጠገቤ ቆሟል። እንኳን ሊናገር ፊቱም አልተለወጠም። «ጎበዝ» አለኝ።

እዚህ ላይ አበቃ ብለሽ ይሆናል። የት አበቃ! ፈረንጆቹ ወተት ይዘው መጥተዋል፤ የዱቄት ወተት። በባልዲ በጥብጠው በኩባያ አደሉን። በረቡዕ! እኛ ደግሞ ሁላችንም ጿሚ ነን፤ ረሀቡ ከቤታችን ገብቶ ሲያስርበን እንኳ ጾም ያልሻሩ ሰዎች ልጆች ነን። ኩባያውን ይዘን ቆምን። ፈረንጅቱ ፎቶ ማንሻዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ፣ ስንጠጣ ልታነሣን ትጠብቃለች። እኛ አንጠጣም። እሷ ትጠብቃለች። አስተርጓሚው «አፍረው ነው» አላት። ርእሰ መምህሩ በዓይኑ «ጠጡ» ይለናል፤ በአፉ እንዳይል ደግሞ እሱም የቄስ ልጅ ነው፣ ረቡዕ መሆኑን ያውቃል። እንዲህ ስንፋጠጥ ስንት ጊዜ እንዳለፈ እኔ እንጃ። በመጨረሻ አንዱ ልጅ ኩባያውን ከንፈሩ ላይ አስጠግቶ የጠጣ መሰለ። ሁላችንም እንደሱ አደረግን። እሷ ደስ ብሏት አነሣችን። ዞር ስትል ወተቱን ከአጥሩ ሥር ደፋነው።

ያኔ አንዲት ጠብታ አልነካሁም፤ በጾሜ ኮርቼ ነበር። ባውቅ ኖሮ ቶሎ እንድትሄድልኝ ባልዲውን ሙሉ ብቻዬን እጨልጥላት ነበር። ንስሐውን ኋላ እገባ ነበር።

ከዚያ መኝታችንን አሳዩ ተባለ። አልጋዬ ላይ ተቀመጪ ተባልሁ፤ ተቀመጥሁ፣ አነሣችኝ። በመጨረሻ ሊወጡ ሲሉ ፈረንጅቱ በበሩ ላይ አጎቴን አየቻቸው። ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ፣ ጭቃ የለበሰች በቅሎ፣ ከኋላ ተራራ! እጇን እያርገበገበች «ይቁሙልኝ» አስባለቻቸው። አጎቴም ለእንግዳ ክብር ብለው ተነሡ፣ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ በእጃቸው ልጓሙን ያዙ፣ ቆሙ። እህታቸው እየሞተች ለፎቶ ቆሙ። በዓመቱ ያ ፎቶ በፖስታ መጥቶ ርእሰ መምህሩ ቢሮው ጠርቶኝ፣ «አጎትሽ እንዴት አምሮባቸዋል!» ብሎ ሰጠኝ። አየሁት። የአጎቴ ዓይን ወደ ፎቶ አንሺዋ አያይም፤ ወደ ዳገቱ ነው የሚያየው። እዚያው ጠረጴዛው ላይ ትቼለት ወጣሁ። የዚያን ዓመት ንግግር አንብቢ ሲለኝም «አላነብም» አልሁት። ምንም አላደረገኝም። ምን ብሎ ይናገረኛል?

መኪናዋ አቧራና ጭቃዋን ይዛ ስትሄድ ነው እንግዲህ ወደ እኔ የመጣው። ፈገግ እያለ፣ «አጎትሽ መጥተዋል። እናትሽን ትንሽ አሟታልና ደርሰሽ ነይ» አለኝ።

አጎቴ በቅሎዋ ላይ ውጪ አሉኝ። «ኧረ አያ፣ እርስዎ እያሉ!» አልኋቸው። ታላቅ ሰው በእግሩ እየሄደ ልጅ በበቅሎ አይሄድም። እሳቸውም ይህን በማወቄ ሌላ ጊዜ ደስ ይላቸው ነበር። ያን ቀን ግን ክንዴን ይዘው «ውጪ አልሁሽ!» ብለው ጮኹብኝ። አጎቴ ጮኸውብኝ አያውቁም። ያኔ ወጣሁ።

ከከተማው ወጥተን ዳገቱን ስንጀምር ዝናቡ መጣ። የለበስሁት ሹራብ ውሃ ጠጥቶ ከበደኝ። በቅሎዋ በየድንጋዩ ትንሸራተታለች፤ አጎቴ ልጓሙን ይዘው ከፊት ይጎትታሉ።

«አያ፣ እውነቱን ይንገሩኝ» አልኋቸው።

«ትንሽ አሟት ነው።»

«ለትንሽ በቅሎ ያስመጣል?»

ልጓሙን ጠበቅ አድርገው ጎተቱ።

«መቼ ነው የመጡት?»

«ጠዋት ነዋ።»

«ጠዋት መጥተው እስካሁን ምነው አልጠሩኝ? እዚያው በር ላይ ቆመው? አንድ ጊዜ ስሜን ቢጠሩ አልሰማም ነበር?»

ቆሙ። ፊታቸው ላይ የሚወርደው ዝናብ ይሁን ዕንባ አልለይ አልሁ። «ቆይ አሉኛ፣ ሆዴ! ትምህርት ቤቱ የመንግሥት፣ እንግዳው ፈረንጅ፣ የምትበይው የቤተ ክርስቲያን። እኔ ማን ሆኜ ነው የምጮኸው? ብጮህ፣ አንቺንስ ቢያባርሩብኝ? እናትሽን ከበሽታው በላይ ይኼ አይገድላትም?» አሉኝ።

በእሳቸውም ተናደድሁ። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ዛሬም አንዳንድ ቀን እናደድባቸዋለሁ። አንድ ጩኸት! አንዲት የስም ጥሪ! በኋላ ግን ያ ሰው ካኪውን ለብሶ፣ ለስላሳ አፉን ይዞ ትዝ ይለኛል፤ አጎቴ ደግሞ በባዶ ሆዳቸው ወይራው ሥር ተቀምጠው ትዝ ይሉኛል፤ ቁጣዬ ተመልሶ ወደሚገባው ቦታ ይሄዳል። ነርስ በሆንሁበት ዘመን ሁሉ፣ የታመመ ሰው ዘመድ በእኔ ተራ በር ላይ ቆሞ አያውቅም። ሐኪሞቹ «አንቺ ሥርዓት ታበላሻለሽ» ይሉኝ ነበር። ይበላሽ።

አሸተን ማርያም አጠገብ ስንደርስ አጎቴ ቆመው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው ወደ ገደሉ ዞረው ተሳለሙ። ቤተ ክርስቲያን ፊት በበቅሎ ማለፍ ነውር ነው፤ ሰው ይወርዳል። እኔ አልወረድሁም። አልተሳለምሁምም። እንደተቀመጥሁ፣ ዓይኔን አፍጥጬ አለፍሁ። አጎቴ አዩኝ።

ከሰፈራችን በታች፣ ከደብሩ ወደ መንደር በሚመጣው መንገድ ላይ ሰዎች ሲመጡ አየሁ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። አካፋ የያዙ ወንዶች ከኋላ አሉ። ከቀብር ሲመለሱ ነው። ማንም አልነገረኝም፤ ሽማግሌ አልተመረጠልኝም፤ እህል አልቀመስሁም። ከበቅሎዋ ላይ እንዴት እንደወረድሁ አላውቅም። ኋላ ሴቶቹ ይዘውኝ፣ «ተስቦ ነውና ሬሳው አይደር ብለው የቀበሌ ሰዎች አስገደዱን፣ ልጄ። እስከ ቻልን ጠብቀን ነበር። ቀትር ላይ ነው ያረፈችው» አሉኝ። ቀትር ላይ! እኔ ቀትር ላይ የት ነበርሁ? በሰልፍ።

ለቅሶው ላይ እንደ ሰው አላለቀስሁም። ሴቶቹ ሙሾ ሲያወርዱ እኔ ጥርሴን ነክሼ አንድ ጥግ ተቀመጥሁ። የሚያጽናናኝን ሁሉ እገላምጠዋለሁ። «እግዜር ያጽናሽ» ያለኝን አንድ ሽማግሌ «እግዜር አያጽናኝ!» አልሁት። ሰዉ ፈራኝ። ልጂቱን ትምህርት አበላሻት ብለዋል አሉ።

በማግሥቱ ሰዉ ቀለል ሲል የጎረቤታችን ልጅ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። እኩያዬ ናት፤ ልጅ ሆነን ውሃ አብረን ቀድተናል። እሷ አልተመረጠችም፤ አባቷ በሕይወት ስለነበረ ነው ያልተመረጠችው። ትማር ብሎ የሚወስዳት ስላልነበረ ስትፈጭ፣ ዕንጨት ስትሰብርና ኩበት ስትጠፈጥፍ አደገች። «አትቆጪኝ» አለችኝ።

«በምን?»

መሬት መሬቱን እያየች ነገረችኝ። ትናንት እናቴ ነፍሷ አልወጣ አለ። ትቃትታለች፣ «መጣች?» ትላለች፣ ደግሞ ትቃትታለች። ሴቶቹ ልጇን እየጠበቀች ነው የምትሰቃየው አሉ። መንገዱን የሚያይ ሰው ዳገቱ ላይ አቆሙ፤ የሚመጣ የለም። ከዚያ አንዷ ባልቴት ይችን ልጅ በክንዷ ጎትተው ከራስጌ አስቀመጧትና እጇን እናቴ እጅ ውስጥ አደረጉት። «ይኸው መጣችልሽ» አሏት።

«እንቢ ልል ነበር» አለችኝ። «ግን እጄን ያዘችኝ። ዳበሰችው፣ መዳፌን፣ ጣቶቼን። ከዚያ ‹ምነው እጅሽ እንዲህ ሻከረ፣ ልጄ? እዚያ ዕንጨት ያስለቅሙሻል እንዴ?› አለችኝ።»

«ምን አልሻት?»

«ምን ልበላት? ክረምት ስትመጪ የነገርሽኝ ትዝ አለኝ። ‹ኳስ ነው እማ፣ ኳስ ያጫውቱናል› አልኋት። ሳቅ አለች። ‹ኳስ ከሆነስ ግድ የለም› አለች። ከዚያ መረቀችኝ። ‹እደጊ፣ ተማሪ፣ የሰው እጅ አያሳይሽ› አለችኝ። እጄን እንደያዘች ነው ያረፈችው።» ይህን ብላ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። «ያንቺን ምርቃት ወሰድሁብሽ። ያንቺ ነው እኮ። እንዴት አድርጌ እንደምመልስልሽ አላውቅም።»

ልቆጣ ጠበቅሁ። ከትናንት ጀምሮ በሰማይም በምድርም ያልተቆጣሁት አልነበረም። ወደ እሷ ስዞር ግን ቁጣው አልመጣ አለኝ። ከዚያ ቀን ሰዎች ሁሉ እስከ ዛሬ ያልተቆጣሁት እሷን ብቻ ነው።

«እስኪ እጅሽን ስጪኝ» አልኋት።

ሰጠችኝ። እናቴ እንዳደረገችው መዳፏን ዳበስሁት፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ። እውነትም ሻካራ ነበር። ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀስሁት። ሰልስት ወጥቶ ለቀስተኛው እስኪበተን ድረስ ያን እጅ አልለቀቅሁትም።